ከጉልበት ሥር የገባ ትራስ

ስትሮክ መትቶኝ ግራ ጎኔ ከከዳኝ ወዲህ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። እኔ ደግሞ የሚያዝንልኝን ሰው ስጠላ ለጉድ ነው። እጄስ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። እግሬን ግን በምርኩዝም በግድግዳም እያልኩ አስገደድኩት እንጂ አልተውኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ሰፊ ስለነበርኩ እንቢ የሚል ጨርቅ እንዴት እሺ እንደሚል አውቃለሁ። ካልሲዬን ራሴ አጠልቃለሁ፣ ሻዬን ራሴ አፈላለሁ። ሽንኩርት ስልጥ ጣውላ ላይ በተመታ ምስማር ላይ እሰካውና በቀኝ እጄ ልጬ እከትፈዋለሁ። ጣውላውን የሠራልኝ ጎረቤቴ አናጺው፣ "ይኸው፣ ሁለተኛ እጅ ሆነልሽ" ቢለኝ፣ "ካንተ እጅ ይሻላል፣ ቢያንስ ቃል ገብቶ አይቀርም" አልኩት። በሽታው ምላሴን አልነካውም።

ከሁሉ የምትበልጥብኝ ግን አንዲት ነገር ነበረች። እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ብቻውን አይወጣም። ልብስ በምሰፋበት ዘመን ደንበኛ እስከ በር ሸኝቼ ኮሌታውን ለመጨረሻ ጊዜ ሳላስተካክል አልሰደውም ነበር። ከታመምኩም በኋላ አልተውኩትም። ከአልጋዬ ተነስቼ፣ የኮሪደሩን ግድግዳ በቀኝ እጄ እየዳበስኩ፣ ግራ እግሬን እየጎተትኩ እስከ በሩ እሄዳለሁ። እንግዳው ጫማውን አድርጎ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን እያሳረፈ ይጠብቀኛል። ይጠብቅ! በሬን ራሴ ከፍቼ ራሴ እስከዘጋሁ ድረስ የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል እግሬን ያፍታታልኝ የነበረው ባለሙያ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነበር። ስሰናበት፣ "ይሄ እግር ሰነፍ ነው፣ ካሳረፉት ማረፍ ይለምዳል" አለኝ። ካነጋገሩኝ ሰዎች ሁሉ ያላዘነልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ወደድኩት።

እንዲህ ሆኜ ስኖር የእህቴ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከተፍ አለች። እናቷ ስትሞት ገና ጥርስ የምትለውጥ ልጅ ነበረች፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አድጋ ሆቴል ገባች፣ ከአልጋ አንጣፊነት ተነስታ የክፍሎቹ ሁሉ ኃላፊ ሆነች፣ ከዚያ ከአለቆቿ ጋር ተጣልታ ወጣች። ከሻንጣዋ ውስጥ ሁለት ነጫጭ የሆቴል ትራሶች ብቅ አሉ። "ሲሰናበቱኝ የሰጡኝ ናቸው" አለች። የተጣላሽው ሰው ትራስ አሸክሞ አይሸኝሽም፣ እኔ ግን ሻይ አፈላሁላት።

ብዙም ሳትቆይ፣ "አክስቴ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ" አለችኝ።

"ይመለስ" አልኳት።

አልተመለሰም። ድርጅት ልትከፍት ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቤት ለቤት ሠራተኛ የሚልክ፣ የሚያበስል፣ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ፣ የሚያገላብጥ። "ይሄ ከተማ አልጋ ላይ በዋለ ሰው የተሞላ ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ጊዜ የላቸውም" አለች ዓይኗ እያበራ።

"ልጆቻቸው ያጡትን ጊዜ አንቺ ከየት አገኘሽው?"

"እኔማ ሠራተኛ እቀጥራለሁ።"

ያን ቀን ስሟን ማኔጀር ብዬ አወጣሁላት። አልተቀየመችም፣ እንዲያውም አፍንጫዋን ነፋች። የፊት ክፍሌ ቢሮ ሆነ፣ የልብስ ስፌት ጠረጴዛዬ የማኔጀር ጠረጴዛ ሆነ። ችግሩ ፈቃዱ ላይ ነበር። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይልካል፣ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ሠራተኞቹ ሰው ሲንከባከቡ በዓይኗ ማየት አለባት።

"እና እውነተኛ ደንበኛ የት አለሽ?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"ሞኝሽን ፈልጊ!"

እሷ ግን አልጋዬ ሥር ተንበርክካ ልክ እንደ ልጅነቷ ጭንቅላቷን ቀኝ እጄ ላይ ጣል አደረገች። "ፈቃዱ እስኪወጣ ብቻ። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤትሽም ቤትሽም ያንቺው ነው። ለእኔ ስትይ አክስቴ።" ሆዴ ባባ። ይሄ ሆድ የሚባል ነገር ሰው ላይ ባይፈጠር ምን ነበረበት!

እሺ ባልኩ ማግስት ምርኩዜ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባ። የምስማር ጣውላዬን አንስታ የት እንዳደረሰችው አላየሁም። "ሽንኩርቱን ራሱ የሚልጥ ደንበኛ ፊት ሠራተኛዬ ምን ትሥራ? ቆማ ታጨብጭብ?" አለች። ከዚያ ትልቅ ወረቀት ላይ "እርስዎ ይረፉ፣ እኛ አለን" ብላ ጻፈችና ኮሪደሩ ላይ ለጠፈችው። ያቺ ቦታ ስሄድ እጄን የማሳርፍባት ቦታ ነበረች፣ ቀለሙ እንኳ በእጄ ወዝ ጠቁሯል። መጨረሻ ላይ ከሆቴል ትራሶቿ አንዱን አመጣችና ከግራ ጉልበቴ ሥር ሸጎጠችው።

"እግርሽ እንዲህ ከፍ ሲል አልጋው ያምራል። ሆቴል እያለሁ ለታመመ እንግዳ ሁሉ እንዲህ ነበር የማደርገው" አለች።

እንግዳው በማግስቱ ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል፣ እኔ የት እሄዳለሁ? ይህን ግን ያኔ አላሰብኩም። ምኑን ልደብቅ፣ ሲመች ይመቻል። ለስንት ጊዜ ስጎትተው የኖርኩት እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ሁለት ሠልጣኞች መጡ። አንዷ ቀጭን፣ ሲናገሯት ዓይኗ እንባ የሚያቀርር ልጅ ናት። ሌላዋ ልብስ ማጠቢያ ቤት የሠራች፣ ትከሻዋ እንደ በር የሰፋ ሴት ናት፣ ገና ስትገባ ጉልቤ አልኳት፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። ማኔጀር ያስተማረቻቸው የምታውቀውን ነው። አንሶላው ጥግ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ፎጣ እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ሲገቡ እንዴት ፈገግ እንደሚባል። የታመመ ሰው ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ባሌን አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ።

ቀጭኗ ሾርባ ስታጎርሰኝ "ቀዝቅዟል!" ብዬ ሽርጧ ላይ ተፋሁት። አሙቃ ስትመለስ "አቃጠልሽኝ!" አልኩ። ስትገለብጠኝ ዝልፍልፍ ብዬ ደረቷ ላይ ተጫንኳት፣ ስታለብሰኝ የቀኝ እጄን ጣቶች ጨብጬ እጅጌው አልገባ እንዲላት አደረግኩ። ላብ በላብ ሆነች። "እናትሽን አላውቃቸውም፣ ግን አዘንኩላቸው" አልኳት። ያን ቀን ሽርጧን በሩ ላይ አንጠልጥላ እያለቀሰች ሄደች።

"አክስቴ፣ አባረርሽብኝ እኮ!" አለች ማኔጀር።

"አበጠርኩልሽ" አልኳት። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የስፌት ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ በቁጣዬ የሚንቀጠቀጥ ሰው አላየሁም ነበር። በዚያ ላይ ጎረቤቶቼ ከንፈራቸውን ሲመጡልኝ ከርመዋል፣ አሁን ደግሞ አንድ ሰው ፈራኝ። ከመታዘን መፈራት ስንት እጅ ይሻላል።

ጉልቤ ግን አልሄደችም። አልጋው ላይ ውኃ ደፋሁባት፣ አንሶላውን ቀየረች። ከታጠብኩ በኋላ "አልታጠብኩም" አልኳት፣ እንደገና አጠበችኝ። በማንኪያ እጇን መታኋት፣ ማንኪያውን አለቅልቃ መለሰችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያቅታት፣ ሰው ሲያቃስት ማየት አይሆንላትም። አንድ ቀን ስታገላብጠኝ "ጉልበቴ! ሰበርሽኝ!" ብዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ትከሻ ድንጋይ ሆኖ ቀረ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሳቄን ለቀቅኩት። "አየሽ? ምንም አልሆንኩም። በሽተኛ ይዋሻል። ጥለሽው እንዳትሄጂ ነው የሚዋሸው።"

"እውነቱን ከሆነስ እማማ?"

"እውነቱንስ ቢሆን፣ ቆመሽ ስላለቀስሽ ምን ይጠቀማል? ፊትሽን አታሳዪው። ያዘነ ፊት ካየ ጨዋታ አገኘ ማለት ነው።"

"መነሳት እፈልጋለሁ ካለኝስ?"

"አትከራከሪው። 'እሺ እማማ፣ ነገ' በይ። ነገ ሲጠይቅሽም 'እሺ፣ ነገ' በይ። እምቢ ካልሽው ይጮህብሻል፣ እሺ ካልሽው ይተኛልሻል። ባሌ አፈር ይቅለለውና ፀሐይ ላይ አውጪኝ እያለ ስንቴ ነዝንዞኛል። ነገ እያልኩ በሰላም ሸኘሁት።"

ጉልቤ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ ግን አልለቀቅኳትም። በየቀኑ እየጮህኩ፣ እየለመንኩ፣ በእናትሽ እያልኩ አለማመድኳት። በየቀኑ ፊቷ ትንሽ ትንሽ እየጠራ፣ የተኮሰ ጨርቅ እየመሰለ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሰማይ ብደፋባት ቅንድቧ የማይነቃነቅ ሆነች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

በዚህ መሃል አንድ ቀን ሁሉም ወጥተው ብቻዬን ቀረሁ። እስቲ እግሬን ልየው ብዬ ትራሱን አወጣሁና ልዘረጋው ስል ጉልበቴ ትራሱ እንዳለ ሁሉ እጥፍ ብሎ ቀረ። በእጄ ጫን ሳደርገው አመመኝ። "ሰንፈሃል አይደል? ፈቃዱ ይውጣ እንጂ እንተያያለን" አልኩት። ስንት ግትር ጨርቅ በውኃና በካውያ አቃንቼ የለ? እንደሱ መስሎኝ ትራሱን ራሴ መልሼ ሸጎጥኩ። ለማኔጀር አልነገርኳትም። ደክሞኛል የምል ከመሰላት ታዝንልኛለች።

ተቆጣጣሪዋ ለምትመጣበት ቀን የራሴ ዕቅድ ነበረኝ። ተቆጣጣሪዋ አይታ፣ ጠይቃ፣ አልፋችኋል ስትል፣ ብድግ ብዬ እስከ በር ልሸኛት ነበር። ከዚያ በፊት ሳይሆን ከዚያ በኋላ፣ ክፉ ብሆንም ማኔጀር ልጄ ናት፣ እንጀራዋን አልደፋም። ግን ደግሞ ቤቱ የማን እንደሆነ ሁሉም ቆመው ይዩልኝ። ተኝቼ የማስበው ይሄንኑ ብቻ ነበር፣ የኮሪደሩን ግድግዳ፣ የበሩን እጀታ ቅዝቃዜ፣ የማኔጀርን የተከፈተ አፍ።

ተቆጣጣሪዋ በዝናብ መጣች። መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጫማዋ ውኃ የጠጣ፣ ከማንም ጋር የማትስቅ ሴት ናት። ድስቶቹን ከፍታ አየች፣ የፎጣዎቹን ጠረን አሸተተች፣ አንሶላውን ገልጣ ፍራሹን ዳበሰች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ቀጥሉ" አለች።

ጉልቤ አጠበችኝ፣ አበጠረችኝ፣ አለበሰችኝ፣ አጎረሰችኝ። እኔም የማውቀውን ጥበብ ሁሉ አፈሰስኩ። ሾርባውን በአገጬ አንጠባጠብኩ፣ እግሬን አከበድኩ፣ እህህ አልኩ። ጉልቤ አንድ ነገር አላዛነፈችም። ማኔጀር ጥግ ላይ ቆማ ከንፈሯን እየነከሰች ነበር፣ ልጅ እያለች ፈተና ስትሄድ የምትሆነውን ሆናለች። ሳያት አንጀቴን በላችኝ።

"እማማ፣ እንዴት ይዘውዎታል?" አለች ተቆጣጣሪዋ።

"እንደ እንቁላል" አልኳት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ተነሳችና መነጽሯን አወለቀች። "ጥሩ ነው። አልፋችኋል፣ ፈቃዳችሁን መጥታችሁ ትወስዳላችሁ።" ማኔጀር ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

ይህን ነበር የምጠብቀው።

"ቆይ!" አልኩ። "እኔ ቤት እንግዳ ብቻውን አይወጣም። እኔ ነኝ የምሸኝዎት።"

ብርድ ልብሱን በቀኝ እጄ ገፈፍኩት። ሦስቱም ቆመው ያዩኛል። ቀኝ እግሬን አወረድኩ፣ ወለሉን ረገጠ። ግራውን ስጎትተው ከነትራሱ ወረደ፣ ትራሱ ወደቀ፣ እግሬ ግን እጥፍ እንዳለ አየር ላይ ቀረ። ተረከዜ ወለሉን አልነካም። በእጄ ገፋሁት፣ ከጉልበቴ እስከ ዳሌዬ አንዳች ነገር የተቀደደ መሰለኝ። ሚዛኔን ስቼ ጎኔ የአልጋውን ብረት መታው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

"ጉልበቴ! ኧረ ጉልበቴ አልዘረጋም አለኝ!"

ከዚያ ማኔጀር በእንባዋ መሃል ከት ብላ ሳቀች። "አክስቴ! ኧረ ይበቃል፣ አልፈናል እኮ!" ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች፣ "እንዲህ ናት። ሠልጣኞቹን የምትፈትናቸው በዚህ ነው፣ የምትችለውንም ሁሉ አልችልም ትላለች።"

ተቆጣጣሪዋ ያወለቀችውን መነጽር መልሳ አደረገች። "አይ፣ አታስቁሟቸው። እንዲያውም ማየት የምፈልገው ይሄንን ነው። ሠራተኛዋ ምን ታደርግ ይሆን?"

ጉልቤ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ሽርጧን ጨምድጄ ያዝኩ። "ጉልቤ፣ የእውነቴን ነው። በእናትሽ! እየፈተንኩሽ አይደለም፣ እግሬ ሄደብኝ። እይኝ እስቲ፣ ዓይኔን እይው!"

አየችኝ። ለቅጽበት ያ የድሮው ፊቷ፣ ያ ሰው ሲያቃስት ማየት የማይሆንለት ፊት ብቅ አለ። ተንፍሼ ሳልጨርስ ግን እጥፋቱ ሁሉ ተቃና፣ የተኮሰ ጨርቅ ሆነ። አንድ እጇን በብብቴ፣ አንድ እጇን ከጉልበቴ ሥር አስገባችና ምንም ሳታንገጫግጨኝ አነሳችኝ።

"እሺ እማማ" አለች ለስለስ ባለ ድምፅ። "ነገ እንሸኛቸዋለን።"

ክንዷን ነከስኳት። አልተነቃነቀችም፣ ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አስተኛችኝ፣ ትራሱን ከወለሉ አንስታ አራግፋ ከጉልበቴ ሥር አስገባችው፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቴ ሳበችው።

"ግሩም ነው!" አለች ተቆጣጣሪዋ። "ማን ነው ያሠለጠናት?"

"አክስቴ" አለች ማኔጀር በኩራት።

"ያስታውቃል።" ተቆጣጣሪዋ በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን መታ መታ አደረገችልኝ። "እማማ፣ እርስዎስ ተዋናይ መሆን ነበረብዎት።" እኔ እየጮህኩ እነሱ እየሳቁ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን፣ ከዚያ የበሬን እጀታ ሰማሁ። ሌላ ሰው ከፈተው፣ ሌላ ሰው ዘጋው።

ማኔጀር እየዘለለች ተመለሰችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ አለች። "በሳቅ ገደልሽን እኮ! ደግሞ ስትወድቂ..." ፊቴን ስታይ አቆመች። ቀስ ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ትራሱን አወጣች። እግሬ ትራሱ በነበረበት ቁመት ልክ ቆሞ ቀረ። በመዳፏ ጫን አለችው። ጩኸቴን ዋጥኩና እሷን ብቻ አየሁ።

ያን ፊቷን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆና ብርጭቆ ስትሰብር መጀመሪያ አታለቅስም ነበር። መጀመሪያ ስብርባሪውን የት እንደምትደብቅ ትፈልጋለች። አሁንም ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከዚያ ትራሱ ላይ አረፈ። አነሳችውና ወደ ቦታው መለሰችው።

"ያን የሆስፒታሉን ሰውዬ ጥሪልኝ" አልኳት።

"እጠራዋለሁ። ግን አሁን አይደለም። በእኛ እጅ እንዲህ እንደሆንሽ ከሰሙ ፈቃዱን ይከለክሉኛል። ሥራው መስመር ይያዝ እንጂ።"

"መቼ ነው መስመር የሚይዘው?"

ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ግንባሬን ሳመችኝ፣ እንባዋ ጉንጬ ላይ ወረደ። የእውነት ነበር የምታለቅሰው። "አይዞሽ አክስቴ። ምንስ ይጎድልብሻል? ደግሞ ራስሽ አይደለሽ እንዴ እውነተኛ ደንበኛ የት አለሽ ያልሽኝ?"

ምላሴ፣ ያ ማንም ያልያዘው ምላሴ፣ አፌ ውስጥ ተኛ።

ድርጅቱ አሁን ሥራ በዝቶበታል፣ የፊት ክፍሉ ስልክ ሲጮህ ይውላል። አዳዲስ ሠልጣኞች ይመጣሉ፣ የምታስተምራቸው ጉልቤ ናት፣ የሚማሩበት ሰውም አልተቀየረም። እኔ ላይ ያጥባሉ፣ እኔ ላይ ያለብሳሉ፣ እኔን ያገላብጣሉ። የሆስፒታሉ ሰውዬ አልመጣም። የጉልቤ ክንድ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ፣ አትደብቀውም፣ አንዳንዴ እጅጌዋን ሰብስባ ታሳያቸዋለች።

ዛሬ አናጺው ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ባርኔጣውን ሲያሻሽ ቆየና ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሊሄድ ሲነሳ ሠልጣኞቹ በአልጋዬ ዙሪያ ቆመዋል።

"ጉልቤ" አልኳት፣ "እባክሽ ደግፊኝ፣ እስከ በር ልሸኘው።"

ጉልቤ ትራሱን አስተካከለች። "እሺ እማማ፣ ነገ" አለችኝ። አዲሶቹ ልጆች እንዳይረሱት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያጠኑታል።